ጎዳናው ማንን አገለገለ? የአሰብ መስመር ታሪክና ትምህርቱ

መንገድ የማይናገር ግዑዝ ነገር ይመስላል። ድንጋይ፣ ጠጠርና ሬንጅ ነው፤ ተሽከርካሪ ያልፍበታል፣ ዝናብ ይሸረሽረዋል፣ ሰው ይጠግነዋል። ይሁን እንጂ የአንድን ሥርዓት እውነተኛ ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ አዋጁንና መግለጫውን ከማንበቡ በፊት መንገዱ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚዘልቅ፣ በማን መሬት ላይ እንደሚያልፍ፣ ማንን ጭኖ ማንን ዳር ላይ ጥሎ እንደሚሄድ ቢመረምር ብዙ ቁም ነገር ይገበያል። መንገድ በመሬት ላይ የተጻፈ የፖለቲካና የኤኮኖሚ ሰነድ ነውና።

ዛሬ ለምርመራ የምናቀርበው ጎዳና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የአፋርን ቆላ አቋርጦ በቀይ ባሕር ጠረፍ ሜዳ ላይ እስከ አሰብ ወደብ የሚዘልቀውን፣ ርዝመቱ ወደ 880 ኪሎ ሜትር የሚገመተውን መስመር ነው። ይህ መስመር ለአንባቢያችን ሩቅ አይደለም። በእናቶቻችን ጓዳ የነበረው ጨው፣ በኩራዝና በአውቶቡስ የነደደው ነዳጅ፣ በችግር ዘመን በቀበሌ የተሰፈረው የእርዳታ ስንዴ፣ አብዛኛው ለረዥም ዘመን በዚሁ ጎዳና ተጉዞ የመጣ ነበር። ስለዚህ የጎዳናውን ታሪክ መመርመር የራስን የኑሮ ታሪክ መመርመር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ተፈጥሮ የቀየሰው መስመር

በመጀመሪያ ተጨባጩን መልክዓ ምድር እንመልከት። ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ነባሩ መንገድ በባቲ በኩል ገደሉን ይወርዳል። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ነው። ከደጋው የሚወርደው ገበሬና ነጋዴ ከቆላው ግመሉንና ጨውን ይዞ ከሚመጣው አፋር ጋር እዚያ ይገናኛል። ሬንጅ ከመፍሰሱ እጅግ ቀደም ብሎ ይህን መስመር የግመል ቅፍለት ያውቀው ነበር። መሐንዲሱ በካርታ ላይ ያሰመረው ነጋዴው በእግሩ የረገጠውን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከባቲ በታች ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰርዶ፣ ዲቾቶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ እያለ መንገዱ ወደ ባሕሩ ይዘልቃል። መስመሩ ከባሕር ጠለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ የሚለውን የደናክል ረባዳ በስተ ሰሜን ትቶ፣ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተሸፈኑ ሜዳዎችና ሸንተረሮች መካከል ይጓዛል። በዚህ አካባቢ ሦስት የምድር ስንጥቆች ይገናኛሉ። እነርሱም የቀይ ባሕሩ፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤውና የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ናቸው። መሬቱ በደረጃ መልክ ተሰንጥቆ ስለወረደ መንገዱም ደረጃ እንደሚወርድና እንደሚወጣ ሰው ዝቅ ከፍ እያለ ይሄዳል። ምድሩም ገና አላረፈም። በ1961 ዓ.ም. የደረሰው ርዕደ መሬት ሰርዶን አፍርሷታል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ወር በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የምድር ስንጥቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከፍቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ተንቀጥቅጦ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል።

ውሃውም የራሱ ታሪክ አለው። የአዋሽ ወንዝ ከደጋው ተነሥቶ ይህን ሁሉ አገር ሲያለማ ቆይቶ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። እንግዲህ ወንዙ ያልደረሰበት ባሕር ዘንድ መንገዱ እንዲደርስ ተደረገ። እንዲደርስ ያደረገው ማን ነበር? ለማንስ ጥቅም?

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ»

የስዊዝ ቦይ የተከፈተው በኅዳር 1862 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ወር ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ የቀድሞ ሚስዮናዊ ሩባቲኖ ለተባለው የኢጣሊያ የመርከብ ኩባንያ በአሰብ የባሕር ዳር መሬት ለመግዛት ከአካባቢው ሱልጣኖች ጋር ተዋዋለ። በ1874 ዓ.ም. የኢጣሊያ መንግሥት ያን ቦታ ከኩባንያው ተረክቦ ቅኝ ግዛት አደረገው። ነገሩ የተጀመረው በነጋዴ ውል ነው፤ የተጠናቀቀው በባንዲራ ነው። ይህ በዘመኑ በአፍሪቃ ጠረፍ ሁሉ የተለመደ አካሄድ ነበር።

ከዚያም በሐምሌ 1920 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኢጣሊያ መካከል የወዳጅነት ውል ተፈረመ። ከውሉ ጋር የተያያዘው ስምምነት ኢትዮጵያ በአሰብ ለ130 ዓመታት ነፃ የወደብ ክልል እንድታገኝና ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራ የሚል ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ባሕር ለሌለው አገር ታላቅ ዕድል ይመስላል። በአዲስ አበባ የነበሩት ባለሥልጣኖች ግን የንግድ መኪና የሚወጣበት መንገድ የጦር መኪናም እንደሚወጣበት በመገንዘባቸው ጉዳዩን አዘገዩት፤ ስምምነቱም ከወረቀት ሳይወርድ ቀረ። ስጋታቸው ከንቱ እንዳልነበረ በሰባት ዓመት ጊዜ ውስጥ ታየ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወረረች።

ያ ለዓመታት የተንጓተተው መንገድ ታዲያ በወራሪው እጅ ተሠራ። አዲስ አበባ በተያዘችበት በዚያው ወር ሙሶሊኒ ካዘዛቸው ታላላቅ መንገዶች አንዱ የደሴ–አሰብ መስመር ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር የሚወስደው የባቡር ሐዲድ በፈረንሳይ ኩባንያ እጅ ነበር፤ መጨረሻውም የፈረንሳይ ወደብ ጅቡቲ ነበር። ወራሪው ለተፎካካሪው ቀረጥና ኪራይ ላለመክፈል የራሱን መውጫ ፈለገ። ከኢጣሊያ የመጡ ሠራተኞች፣ ከባሕር ማዶና ከአገር ውስጥ የተሰበሰቡ ጉልበተኞች በዚያ እንደ እቶን በሚፋጅ ሙቀት ድንጋይ ፈልጠው መስመሩን እስከ 1931 ዓ.ም. ገደማ ዘረጉት። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዲሉ፣ መንገዱ ሰፊና ጠንካራ ነበር። ነገር ግን የአፋር መንደር ከመንደር ጋር እንዲገናኝ የተሠራ አልነበረም። ሌሎቹ የቅኝ ገዢዎች መንገዶች እንደነበሩ ሁሉ ይህም ከመሐል አገር ወደ መርከብ በቀጥታ የሚወርድ ቧንቧ ነበር።

ወደቡና ወዛደሩ

ከነፃነት በኋላ መንገዱ ከዓለም ባንክ ጋር ተገናኘ። በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከባንኩ ካገኘቻቸው የመጀመሪያ ብድሮች ትልቁ፣ ማለትም 5 ሚሊዮን ዶላር፣ የተመደበው ለአውራ ጎዳናዎች ጥገና ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አሰብ ዋነኛ የገቢና የወጪ በር ሆነች። የዩጎዝላቪያ መሐንዲሶች ወደቧን አስፋፉ፤ በ1959 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። በ1960ዎቹ ደግሞ ከአዋሽ በገዋኔ በኩል አድርጎ ሚሌ ላይ ነባሩን መንገድ የሚገናኘው አዲስ መስመር ተሠርቶ ለአዲስ አበባ መኪኖች የደጋውን ጠመዝማዛ ዳገት አስቀረላቸው።

በዚህ ወቅት የጎዳናው ንጉሥ «ኤንትሬ» እየተባለ የሚጠራው ፊያት የጭነት መኪና ነበር። ተሳቢውን አስከትሎ፣ ጎማው በግለቱ እንዳይፈነዳ በሌሊት ይጓዛል፤ ቀን ቀን ሾፌሩና ረዳቱ በመኪናው ጥላ ሥር ይተኛሉ። በወደቡ በዓመት መቶ ሚሊ ሜትር እንኳ ዝናብ በማይወርድበት ምድር ጫኝና አውራጁ ጆንያውን በትከሻው ይሸከማል። የሸቀጡ ዋጋ በአዲስ አበባ ሱቅ ሲነገር ስለ ቀረጥና ስለ ትርፍ ይነሣል፤ ስለዚህ ላብ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። የመንገዱ ሕይወት የቆመው በእነዚህ ሰዎች ጉልበት ነበር።

መንገዱ ለሠራተኛው ያመጣው ደሞዝ ብቻም አልነበረም። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በአገራችን መታየት ሲጀምር፣ ጥናቶች በሽታው ቀድሞ ከታየባቸው መካከል የአሰብ መስመር ሾፌሮችና በመንገዱ ዳር ባሉ ከተሞች የሚኖሩ ሴቶች እንደነበሩ አሳይተዋል። ይህን የሚሰማ ሰው በሾፌሩ ጠባይ ላይ ለመፍረድ ይቸኩላል። ይሁንና ሰውን ለሳምንታት ከቤቱ አርቆ፣ ማረፊያና ሐኪም ሳያዘጋጅ፣ ጭነቱን ብቻ እየቆጠረ የሚያሰማራ አሠራር ራሱ ምን ያህል ተጠያቂ ነው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ጥጡ ሲበዛ ከብቱ አለቀ

የነገሩ እምብርት ግን ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይገኛል። በ1950ዎቹ በተንዳሆ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የተሳተፈበት ሰፊ የጥጥ እርሻ ተቋቋመ። በአዋሽ ሸለቆ ሌሎች እርሻዎችም ተከተሉ። የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራሕም ወደ ጥጥ ልማት ገቡ። ጥጡን ወደ ገበያ የሚያደርስ መንገድ ስለነበረ መሬቱ ዋጋ አወጣ። ታዲያ ያ መሬት ባዶ ነበርን? በፍጹም! የአዋሽ ዳርቻ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ ለምለም ሣር የሚያበቅል፣ የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ወራት ከብቱን የሚያተርፍበት መሸሸጊያ ነበር። የዓመቱን ክፉ ወራት የሚያሻግረው ያ ቁራጭ መሬት ሲወሰድ ቀሪው ሰፊ በረሃ ብቻውን ከብት አያኖርም።

በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ ሲቀር ውጤቱ ታየ። ከብቱ አለቀ፤ ቀጥሎም ሰው አለቀ። የወሎ ረሃብተኞች በአውራ ጎዳናው ዳር ቆመው የሚያልፉትን መኪኖችና አውቶቡሶች እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። ኤኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ይህን ረሃብ መርምረው እንዳስገነዘቡት፣ በዚያ ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበረው የእህል መጠን ያን ያህል አልቀነሰም ነበር፤ ከወሎም ወደ ሌላ ቦታ የሚወጣ እህል ነበር። የጎደለው የረሃብተኛው የመግዛት አቅም ነው። አርብቶ አደሩ ከሲታ ላሙን ሸጦ የሚያገኘው እህል ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ሆኖ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ታላቅ ቁም ነገር አለ። መንገድ በራሱ ምግብ አያመጣም። እህል የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው፤ ገንዘብ በሌለበት ቦታ ያው መንገድ እህሉን ይዞ ይወጣል።

በ1967 ዓ.ም. የግል ሰፋፊ እርሻዎች ተወርሰው የመንግሥት ሆኑ። ሐቁን ለመናገር የእርሻው ባለቤት ተለወጠ እንጂ የግጦሹ ወንዝ ዳር ለአርብቶ አደሩ አልተመለሰለትም። በዚያን ጊዜ ገደማ ለበረሃ መከላከያ ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾኻማ ዛፍ በመንገዱና በወንዙ ዳር ተዛምቶ የቀረውን ሣር ዋጠው። አፋሮች ዛፉን «ደርጊ ሐራ»፣ ማለትም የደርግ ዛፍ ይሉታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የተንዳሆ ግድብና የስኳር ልማት ተከተለ። እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ስም ይዞ ወደ አንዱ ወንዝ ዳር ወረደ። ስሙ ሲለዋወጥ አርብቶ አደሩ «የእኔስ ድርሻ?» ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን አልተለወጠም።

አንድ በር ብቻ ሲቀር

በ1969 ዓ.ም. መገባደጃ በሶማሊያ ወረራ ምክንያት የጅቡቲ የባቡር መስመር ሲቆረጥና ምጽዋም በውጊያ ስትከበብ የአገሪቱ ዕድል በአንድ የአሰብ መንገድ ላይ ተንጠለጠለ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከዓለም ዙሪያ የተላከው ስንዴ ወደብ ሲደርስ ችግሩ የእህል መጥፋት ሳይሆን የማጓጓዝ ሆነ። ወደቡ ተጨናነቀ፤ የጭነት መኪና አነሰ፤ ያለውም መኪና ለጦርነቱም ይፈለግ ነበር። መርከቡ ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ፣ በወሎና በትግራይ መጠለያዎች ሕፃናት ሞትን ይጠብቁ ነበር። ያኔ ሌሊትና ቀን ያጓጓዙት ሾፌሮችና ወዛደሮች ያዳኑት ነፍስ በየትኛውም ሐውልት ላይ አልተጻፈም፤ ሊታወስ ግን ይገባዋል።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከመንግሥቱ እጅ ስትወጣ አሰብ እንደገና ብቸኛ በር ሆነች፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. እርሷም ወጣች። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች በኋላም ኢትዮጵያ በወደቡ መጠቀሟን ቀጥላ ነበር። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንደሚባለው፣ ያን ጊዜ የዚያ ምልልስ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ያሰበበት ጥቂት ሰው ነበር። ማጣሪያው በ1989 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲጀመር የንግዱ ምልልስ ቀጥ አለ። ትናንት ሾፌሮች ሻይ የሚጠጡባት ቡሬ የጦር ግንባር ሆነች።

መስመሩ ሲቆረጥ የተከተለውን በጥሞና ማየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ፣ ጭነቱ ሁሉ ዲቾቶ ላይ ወደ ጋላፊ ታጥፎ በጅቡቲ በኩል መግባትና መውጣት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በአንድ ጎረቤት ወደብ ላይ ተመካ። ሁለተኛ፣ የአሰብ ጨው ሲቀር የአፍዴራ ጨው ተስፋፍቶ ቦታውን ተካ፤ ይህም የአፋርን በረሃ አዲስ የሥራና የውዝግብ ቦታ አደረገው። ሦስተኛ፣ በወደቡ ላይ ኑሯቸውን የመሠረቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ቤታቸውን ጥለው ተመለሱ፤ የአሰብ ከተማ ነዋሪም እንጀራውን ያገኝበት የነበረው ወደብ ሥራ ፈቶ ቀረ። ግንብ ሲፈርስ በሁለቱም ወገን ያለው ይደቀቃል።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በቡሬ ተገኝተው ድንበሩ ሲከፈት ሕዝቡ በእልልታ ተቃቀፈ። ይሁንና መተላለፊያው ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተዘጋ። የተከፈተው በመሪዎች መልካም ፈቃድ እንጂ በጽሑፍ ውል፣ በጉምሩክ ደንብና በሠራተኛ ስምምነት ስላልነበረ፣ ፈቃዱ ሲለወጥ በሩም ተዘጋ።

ከጎዳናው የምንማረው

ከዚህ ሁሉ ምን እንጨብጣለን? በመጀመሪያ ደረጃ መንገድ የልማት መሣሪያ እንጂ ራሱ ልማት አይደለም። ይኸው መስመር የወራሪ መውጫ፣ የነጋዴ መተላለፊያ፣ የረሃብተኛ መለመኛ፣ የእርዳታ እህል ማመላለሻና የጦር ግንባር ሆኗል። ሬንጁ አንድ ነው፤ የተለዋወጠው በሬንጁ ላይ የሚወስነው ኃይል ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ መንገድን የሚመዝን ሰው ኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር የለበትም። በመስመሩ ዳር የሚኖረው ሰው ምን አገኘ? ሎግያንና ሰመራን የመሰሉ ከተሞች መንገዱ የወለዳቸው ናቸው፤ ሰመራ ዛሬ የአፋር ክልል መዲና ናት። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። በአንጻሩ በገዋኔና በሚሌ መካከል መንገድ ዳር የቆሙት ትናንሽ የገበያ ሰፈሮች የአፋርና የኢሳ ማኅበረሰቦች መወዛገቢያ ሆነው የብዙ ሰው ደም ፈሶባቸዋል። መንገዱ ገበያ ሲፈጥር መሬቱና ገቢው የማን እንደሚሆን አስቀድሞ አልተመከረበትምና።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ባሕር ለሌለው አገር የወደብ ጉዳይ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ የዳቦ ዋጋ ጥያቄ ነው። ይህን መናገር ነውር የለበትም። አሰብ የኤርትራ ከተማ ናት፤ ለኢትዮጵያ ገበያ ደግሞ ቅርብ የሆነች ወደብ ናት። ሁለቱም እውነቶች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። በቡሬ ግንባር የረገፈው ወጣት አጽም የሚመሰክረው መንገድ በጠመንጃ እንደሚዘጋ ነው፤ በጠመንጃ የተከፈተ የንግድ መንገድ ግን በዚህ መስመር ታሪክ ውስጥ አልታየም። ፋሺስቱ እንኳ በጠመንጃ ከፍቶት በአምስት ዓመት ውስጥ ጥሎት ወጥቷል። ለዘለቄታው የሚበጀው የሁለቱን ሕዝቦች ጥቅም በቁጥር አስፍሮ በውል የሚያስር ስምምነት ነው።

ውድ አንባቢያን! ነገ በቀበሌያችሁ የሚያልፍ መንገድ ሊቀየስ ይችላል። በስብሰባው ላይ ካርታው ሲዘረጋ ለማጨብጨብ አትቸኩሉ፤ ለመቃወምም አትቸኩሉ። ይልቁንስ ጠይቁ። ይህ መንገድ ከየት ወዴት ምን ይጭናል? መሬቱን የሚያጣው ማን ነው፤ በምትኩስ ምን ያገኛል? የሚሠሩበት ሰዎች የት ያርፋሉ፣ ሲታመሙ ማን ያክማቸዋል? ክፉ ቀን ሲመጣ እህል ያስገባል ወይስ ያስወጣል? እነዚህ ጥያቄዎች በደሴና በአሰብ መካከል ቀድመው ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ፣ በአዋሽ ዳር ካለቀው ከብትና ሰው ብዙው በተረፈ ነበር።

ከቡሬ እስከ አሰብ ያለው የመጨረሻው ክፍል ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የተፈለጠው ድንጋይና የፈሰሰው ላብ፣ ያን አጭር መንገድ የሚያሻግር መተማመን አጥቶ ቆሟል። ድንጋዩን መፍለጥ ቀሊሉ ሥራ ኖሯል፤ ከባዱ ሥራ ገና ይጠብቀናል።